ግጥሙን የሰጠው ማነው?

አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው አንድ ሥርዓት ያውቃል። አዝማሪው የሚያዜመው ሁሉ የራሱ ግጥም አይደለም። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በማሲንቆ ያወርደዋል። ስንኙ ጥግ የተቀመጠውን ሰውዬ የሚሸነቁጥ ቢሆን እንኳ ሰውዬው አዝማሪውን አይቀየምም። ዞር ብሎ የሚያየው ግጥም ሰጪውን ነው። ብሩም ቢሆን የሚሸለመው ቤቱ ሁሉ እያየ ነው። ማን አስባለ፣ ማን ከፈለ ብሎ መመራመር አያስፈልግም።

ይህ ሥርዓት የሚናፍቀኝ በምኖርበት በካሊፎርኒያ የምርጫ ሰሞን ሲደርስ ነው። ቴሌቪዥን ስከፍት አንዲት ነርስ ትመክረኛለች። ጣቢያ ስቀይር የእሳት አደጋ ሠራተኛ ያስጠነቅቀኛል። የፖስታ ሳጥኔን ስከፍት ደግሞ አንዲት አያት ከካርድ ላይ ፈገግ ብለው «ለልጅ ልጆቼ ስል» እያሉ ይለምኑኛል። አዝማሪዎቹ ሁሉ ፊት ለፊቴ ናቸው። «ተቀበል!» ያለው ሰውዬ ግን የት እንደተቀመጠ መፈለግ የኔ ሥራ ነው።

በ2020 የሆነውን ልንገራችሁ (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። የግዛቲቱ ምክር ቤት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ባወጣው ሕግ፣ በስልክ አፕ እየተጠሩ የሚሠሩ አሽከርካሪዎች እንደ ተቀጣሪ ሠራተኛ ሊቆጠሩ ነበር። ተቀጣሪ ከሆኑ ደግሞ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አለ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለ፣ የሥራ አጥነት መድን አለ። ኩባንያዎቹ ይህን አልወደዱትም። «አሽከርካሪው የራሱ አለቃ ነው» ብለው ጉዳዩን ፕሮፖዚሽን 22 በሚል ስም በቀጥታ ለመራጩ ሕዝብ አቀረቡት። ለዘመቻው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። በተቃዋሚው ወገን የቆሙት የሠራተኛ ማኅበራት ያሰባሰቡት የዚያን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።

ለእኛ ለሐበሾች ይህ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ከመሀላችን መሪ ጨብጦ ልጅ ያሳደገው፣ ቤት የገዛው፣ አገር ቤት ላለው ወንድሙ ብር የሚልከው ስንቱ ነው! ታዲያ ያን ሰሞን በማስታወቂያው ላይ የሚናገሩት አሽከርካሪዎች ነበሩ። የዘመቻው ኮሚቴ ራሱን የሚጠራበት ረጅም ስምም አሽከርካሪዎችን፣ አነስተኛ ነጋዴዎችንና የማኅበረሰብ ድርጅቶችን ሁሉ የያዘ ጥምረት ነበር። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው፣ ሾፌሮች ተሰብስበው ከየኪሳቸው አዋጥተው ያቆሙት ዕድር ሊመስለው ይችላል።

ደግነቱ ካሊፎርኒያ በ2017 አንድ ሕግ አውጥታ ነበር። እንዲህ ያለ ኮሚቴ ማስታወቂያ ሲያስነግር 50,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰጡት መካከል ትልልቆቹን ሦስቱን በስማቸው መጥራት አለበት። በቴሌቪዥን ከሆነ፣ የስክሪኑ የታችኛው አንድ ሦስተኛ ጠቁሮ፣ ስሞቹ በሚነበብ ፊደል ቢያንስ ለአምስት ሰኮንድ መታየት አለባቸው። ስለዚህ ከሾፌሯ ፈገግታ ሥር ኡበር፣ ሊፍትና ዶርዳሽ የሚሉ ስሞች ወጡ። ግጥም ሰጪው ታወቀ ማለት ነው።

ይህን አንድ ቀን ቡና እየጠጣን፣ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው በኋላ ወደ አፑ ለገቡ አንድ ጋሼ በኩራት አስረዳኋቸው። ጋሼ ግን አልተደነቁም።

«አንተ ልጅ፣ ኩባንያው መክፈሉን እኔ ያላወቅሁ መሰለህ? እሱ ካልከፈለ ማን ይከፍላል?»

«እሱማ ልክ ነው ጋሼ፤ ግን ሁሉም ሰው እንደ እርስዎ አያውቅም።»

«እኔ የመረጥኩት የፈለግሁ ሰዓት ወጥቼ የፈለግሁ ሰዓት መግባት ስለምፈልግ ነው። ስሙን አየሁት፣ አነበብኩት፣ ድምፄን ሰጠሁት። አለቀ!»

በነገሩ ባንስማማም መልስ አልነበረኝም፤ ደግሞም መልስ አያስፈልገውም። ፕሮፖዚሽን 22 ከመቶ 58 በሚሆን ድምፅ አለፈ፤ በ2024 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው። የከፋዩ ስም መጻፉ ውጤቱን አልቀየረውም። ታዲያ ምን ጠቀመ ለሚለኝ ሰው መልሴ ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ከማን ጋር እንደሚዋዋሉ አውቀው ተዋዋሉ። ሕጉ ቃል የገባው ይህንን ብቻ ነው። ምረጥ ወይም አትምረጥ አይልም፤ የሚያናግርህ ማን እንደሆነ ግን እወቅ ይላል።

ችግሩ ስሙ ራሱ ጭምብል ሲሆን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ሲትዝንስ ዩናይትድ በተባለው ውሳኔ ኩባንያዎችና ማኅበራት ከዕጩዎች ጋር ሳይመካከሩ ለምርጫ የፈለጉትን ያህል ገንዘብ እንዲያወጡ ፈቀደ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ግን በዚያው ውሳኔ ከዘጠኙ ዳኞች ስምንቱ የከፋይን ስም የማሳወቅ ግዴታ ይቆይ ማለታቸውን ነው። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በተግባር ግን ገንዘቡ መጀመሪያ ለጋሾቹን የመግለጽ ግዴታ ወደሌለበት «በጎ አድራጊ» ማኅበር ይገባል፤ ማኅበሩ ለሌላ ኮሚቴ ይሰጣል፤ ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው የመጨረሻው ስም ብቻ ነው። እሱም አገር፣ ነጻነት፣ ቤተሰብ የሚሉ ቃላት የተደረደሩበት ይሆናል። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የቀረበው ረቂቅ በዚያው በ2010 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ የሚያስፈልገውን 60 ድምፅ ሳያገኝ ቀረ።

ከኛው ጉዳይ ጋር የተያያዘ ምሳሌም አለ። በ2007 ኤች አር 2003 የተባለው የኢትዮጵያን መንግሥት የሚመለከት ረቂቅ በአሜሪካ ምክር ቤት ሲቀርብ፣ መንግሥት ረቂቁን ለማስቆም ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለ ትልቅ የሕግና የሎቢ ድርጅት ቀጥሮ ነበር። ረቂቁ በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ሳያጸድቀው ከሰመ። የገንዘቡ ባለቤት ድሃው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው፤ ውሉን የማየት ዕድል ያገኘነው ግን ዋሽንግተን ላይ ነው። የውጭ መንግሥት ጉዳይ የሚያስፈጽም ሁሉ እንዲመዘገብ የሚያስገድድ፣ የናዚዎች ፕሮፓጋንዳ ባሰጋበት በ1938 የወጣ ሕግ ስላላቸው ነው። የገዛ ገንዘባችን ወሬ በሰው አገር መዝገብ ሲነበብ ደስም ያሰኛል፣ ያሳፍራልም።

መቼም አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ አልክድም። ስምን መደበቅ ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። በ1958 የአላባማ ግዛት የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረውን ማኅበር የአባሎችህን ስም አስረክብ ብትለው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አይገባም ብሏል። ስማቸው ቢወጣ ሥራቸውን፣ ምናልባትም ሕይወታቸውን ያጡ ነበርና። እኛም ብንሆን በንጉሡና በደርግ ዘመን በሌሊት የሚበተን ወረቀት ያየን ሕዝብ ነን። ያን ወረቀት የጻፈ ወጣት ስሙን ከታች ቢያኖር ምን ይጠብቀው እንደነበር እናውቃለን።

ግን ማን ከማን እንደሚደበቅ እንለይ። ያ ወጣት የተደበቀው ከሚበረታው ነው። ባለ ሚሊዮኑ ግን የሚደበቀው ከሚያንሰው ነው፤ ድምፁን ከሚፈልገው ከመራጩ። ለዚህ ነው 50,000 ዶላር የሚለው መስፈሪያ ደስ የሚለኝ። ከደመወዙ 20 ዶላር ቆርጦ የሰጠውን የቡና ቤት አስተናጋጅ ማንም ማስታወቂያ ላይ አያወጣውም። ሌላው ሰው በዓመት የማያገኘውን በአንድ ቼክ የሚሰጥ ግን ስሙ ይጠራ። ገንዘቡ ይህን ያህል ጮኾ ካወራ፣ ባለቤቱ ዝም ሊል አይገባውም።

እስከዚያው ቀዳዳው አልተደፈነምና የየራሳችንን ጥንቃቄ ማድረጉ አይከፋም። በካሊፎርኒያ የሚላክ «የመራጮች መመሪያ» የሚባል ካርድ አለ፤ እነእገሌን ምረጡ ብሎ ስም ይደረድራል። ከአንዳንዱ ስም አጠገብ ትንሽ ኮከብ ትታያለች። ጌጥ እንዳትመስላችሁ። በሕጉ መሠረት፣ ኮከብ ያለበት ሁሉ እዚያ ለመግባት ከፍሏል ማለት ነው። ካርዱን የሚያነበው ብዙ ነው፤ ኮከቧን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እኔ አሁን ንባቤን የምጀምረው ከኮከቧ ነው።