የሚዘል ርዕስ፣ የሚቆም ወንዝ

መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የኢትዮጵያው ኃይለማርያም ደሳለኝ፣ የግብፁ አብዱልፈታህ አል ሲሲና የሱዳኑ ኦማር አል በሽር የህዳሴ ግድቡን የመርሆች ስምምነት ሲፈርሙ፣ በሥነ ሥርዓቱ ላይ ስለ ግድቡ የተዘጋጀ አጭር ፊልም ታይቶ ነበር። ዐሥሩ መርሆች በወረቀት ሰፍረው አልቀዋል። ያም ሆኖ መሪዎቹ ፊት የሚንቀሳቀስ ምስል መቅረቡ አልቀረም። አይፈረድም፤ የሰው ዓይን ቆሞ ከሚጠብቀው ፊደል ይልቅ ወደሚሄደው ነገር ያደላል።

እኛ ግን በስላይድ ላይ ነገሩን አበዛነው። አቅራቢው ይነሣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሪሞቱን ይጫናል። «መግቢያ» የሚለው ርዕስ ከግራ በኩል በርሮ ይመጣል፤ «ዓላማ» እንደ ኳስ ይነጥራል፤ «ዘዴ» ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ ይቀመጣል። በድሮዎቹ ፓወርፖይንቶች ደግሞ ድምፅም ነበረ፦ የመኪና ፍሬን ሲጮህ፣ ጭብጨባ ሲያስተጋባ። ገና ሳይናገር በኮምፒውተር ያስጨበጨበ ስንቱ ነው! ርዕሱ እስኪያርፍ አቅራቢውም ይጠብቃል፣ ተሰብሳቢውም ይጠብቃል። ካርቱም ከሆነ ደግነቱ ሻዩ ቶሎ አይቀዘቅዝም።

ፓወርፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ሲወጣ ጥቁርና ነጭ ነበር። ለኦቨርሄድ ፕሮጀክተር የሚሆን ገጽ ከማዘጋጀት ያለፈ ምኞት አልነበረውም፤ ዝላዩ በኋላ የመጣ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ስለነበረች፣ እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ጭንቅ ነበር። የሚበርሩት ርዕሶች ግን ማዕቀቡን ጥሰው ገብተዋል።

እኔ አኒሜሽን ይቅር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በእውኑ ዓለም የሚንቀሳቀስ ነገር ስላይድ ላይ ቢንቀሳቀስ ደስ ይለኛል። «ዓላማ» የሚለው ቃል የትም አይሄድም። ወንዝ ግን ይሄዳል፤ ካርቱም ላይ ደግሞ አካሄዱ የተለየ ነው።

ሞግራንን ውሰዱ፤ ጥቁር አባይ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ነጭ አባይ ከደቡብ መጥተው የሚገናኙበት ነው። የተለመደው ስላይድ ሁለት ሰማያዊ መስመርና አንድ ቀስት ያሳይና «ሁለቱ ወንዞች እዚህ ይገናኛሉ» ይላል። ውሸት የለበትም፤ ዋናው ታሪክ ግን ቀርቷል። ክረምት ገብቶ የጎጃምና የወሎ ዝናብ ሲወርድ ጥቁር አባይ አፈር ተሸክሞ፣ ደፍርሶ፣ ሞልቶ ካርቱም ይደርሳል። ጉልበቱ ስለሚበልጥ ነጩን አባይ መንገድ ይዘጋበታል። ነጩ መሄጃ ሲያጣ ወደ ደቡብ እየተኛ ይሰፋል፤ ጎርፉ ሲያልፍ ነው የሚለቀቀው። ሱዳኖች ይህን የጎርፍ ወቅት ደሚራ ይሉታል። በሞግራን አጠገብ ባለችው በቱቲ ደሴት የሚኖር ሰው፣ ሌሊቱን በየተራ ወንዙን ሲጠብቅ የኖረው፣ ይህን ለመረዳት ስላይድ አያስፈልገውም። በጀት የሚፈቅደው ባለሥልጣን ግን ያስፈልገዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለቱን ወንዞች ለየብቻ ሥሏቸውና «ዋይፕ» የሚባለውን አኒሜሽን ስጧቸው፦ ጥቁሩ ከቀኝ፣ ነጩ ከታች ይጀምር፤ ሁለቱም ባንድ ክሊክ ቀስ ብለው ይፍሰሱ። ቀጥሎ በጥቁሩ ላይ ወፍራም ቡናማ መስመር ይምጣበት። ከዚያ በነጩ ላይ ሰፋ ያለ መስመር ደርቡና ያንኑ «ዋይፕ» ከላይ ወደ ታች አድርጉት። በቃ። ውኃው ከሞግራን ወደ ኋላ ሲተኛ ይታያል። ባለሙያው ብዙ ደቂቃ የሚደክምበትን ነገር አንድ የተገለበጠ አቅጣጫ ጨረሰው።

የግድቡ ሙሌትም እንዲሁ ነው። ሦስቱ አገሮች ዓመታት በዋናነት የተከራከሩት ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል አይይዝም ብለው አልነበረም፤ በስንት ዓመት ይሞላ፣ ድርቅ ከመጣስ እንዴት ይሁን ነበር ጭቅጭቁ። ጥያቄው የጊዜ ከሆነ የቆመ ሠንጠረዥ ግማሹን ይደብቃል። ሐይቁ ከክረምት ክረምት ሲሰፋ፣ ከጎኑም የዝናቡ መጠን ሲቀያየር ብታሳዩት፣ ተሰብሳቢው ቢያንስ ስለ አንድ ነገር ይከራከራል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ መሥሪያ ቤቶች ወደ ፖርት ሱዳን ሄዱ፤ ብዙ ባለሙያም ተበተነ። አዳራሽ በሌለበት ስላይድ በዋትስአፕ ይላካል፣ በስልክ ይከፈታል፣ አብዛኛውን ጊዜም በፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፍ ላይ ደግሞ አኒሜሽን የለም፤ በየተራ ሊመጡ የነበሩት ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይቀራሉ፣ ቡናማው መስመር ሰማያዊውን ሸፍኖት። ስለዚህ ያንኑ ካርታ ለግንቦት፣ ለነሐሴና ለኅዳር በሦስት ተከታታይ ስላይድ ለይታችሁ አስቀምጡ። ከመላካችሁ በፊትም ፋይሉን በራሳችሁ ስልክ ከፍታችሁ እዩት።