ማገድ ሌላ፣ መሰረዝ ሌላ
ኮምፒዩተራችን ተከፍቶ ለሥራ እስኪበቃ ቡና ይፈላል። ለዚህ መድኃኒቱ «ሲስተም 32 ውስጥ ያለውን ኮተት መሰረዝ ነው» ሲባል ሰምተናል። ኧረ ተዉ ጓዶች! እኛ የደብረ ኤልያስ፣ የቅኔ አገር ልጆች፣ ስሙ ስላልገባን ብቻ «ኤስቪሲሆስት»ን ኮተት እንበለው? የዊንዶውስን አገልግሎቶች የሚያስኬደው እኮ እሱ ነው።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ብንጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣ ወዲህ «ስታርትአፕ» የሚል ክፍል አለው። ከዚያ ቴሌግራምን የመሰለውን መርጠን «ዲሴብል» ማለት ነው። ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ ሳይጠሩት መምጣቱን ብቻ ይተዋል። ጸረ ቫይረሱን ግን አንነካም። ሐሳባችንን ብንለውጥ «ኢኔብል» ይመልሰዋል፤ የሲስተም ፋይል ከተሰረዘ ግን ኮምፒዩተሩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። የሁላችንም የትምህርት ዕቅድ ያለው ደግሞ እዚሁ አንዱ ላይ ነው።