በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የመጀመሪያው ዓሣ

ዓሣ ማጥመድ የእንጀራ ሥራ ነው እንጂ ለዕረፍት ቀን የሚስማማ መዝናኛ መስሎኝ አያውቅም ነበር። ነገር ግን በበዓለ ሃምሳ አንድ ቅዳሜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ይዤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀመጥሁ። ምክንያቱን ልሰውር አይገባኝም። ልጁ ትምህርት ቤት ከለወጠ ወዲህ ዝምታ አብዝቶ ነበር፤ እኔም ከመምከርና ከመገሠጽ በቀር ሌላ የአነጋገር መንገድ ጠፍቶብኝ ነበር። አንድ ወዳጄ፥ «ከልጅህ ጋር መንጠቆ ጣልና ዝም ብለህ ተቀመጥ» ቢለኝ ምክሩን ተቀበልሁ።

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። ሐይቁ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፥ ከእርሱ ግን በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከታቦር ተራራ አጠገብ አሞራ ገደል በሚባለው ስፍራ ዓሣ አስጋሪዎች ሌሊት ጥለውት ያደረውን መረብ በማለዳ ያወጣሉ። አባ ኮዳ የተባሉት ረጃጅም አሞሮችም የሚጣለውን የዓሣ አንጀት ለመልቀም እንደ ሽማግሌ ጉባኤ በዙሪያው ተሰልፈው ይቆማሉ።

ከዚያ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት አስጋሪ ለጀማሪ የሚበቃውን መሣሪያ አሳዩን። ከቁመት እጥፍ የማያንስ ቀጭን ቀርከሃ፥ በቀርከሃው ልክ የተቈረጠ የናይለን ክር፥ ትንሽ መንጠቆ፥ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የሚታሰር ጥቂት እርሳስ፥ ከላይም የሚንሳፈፍ ቡሽ ነው። በመንጠቆው ላይ የምድር ትል ወይም ጠንከር ብሎ የታሸ ሊጥ ይሰካል። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 17 ጌታችን ቅዱስ ጴጥሮስን ወደ ባሕር ሄዶ እንዲጥል ያዘዘው «መቃጥን» ይኸው መንጠቆ መሆኑን ለልጄ ነገርሁት፤ እርሱ ግን ራሱን ከመነቅነቅ በቀር አልመለሰልኝም።

አዛውንቱ ሦስት ነገር አስጠነቀቁን። በሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለ እግራችንን ውኃ ውስጥ እንዳንነክር፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉማሬ ከሚወጣበት ከሸምበቆው ዳር እንድንርቅ፥ ወደ ሌላ ሐይቅም ብንሄድ አስቀድመን ፈቃድ ያስፈልግ እንደ ሆነ የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት እንድንጠይቅ።

በሐይቁ በብዛት የሚገኙት ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። አምባዛ ቅርፊት የሌለው ስለ ሆነ፥ የኦሪት ዘሌዋውያንን ሥርዓት አስበው ብዙ የክርስቲያን ቤቶች አይበሉትም። ቆሮሶ ግን ክንፍም ቅርፊትም አለው።

ረፋዱን ሁሉ አንዳች አልያዝንም። ቡሹ በተንቀጠቀጠ ቍጥር እኔ ቸኵዬ እስብ ነበር፤ መንጠቆውም ሊጡ ተበልቶለት ባዶውን ይወጣል። «ጌታዬ፥ ሲንቀጠቀጥ ገና እየቀመሰው ነው፤ ቡሹ ሲሰምጥ ወይም ወደ ጎን ሲሄድ ብቻ በእጅ አንጓ ቀስ ብለው ያንሡት» አሉኝ አዛውንቱ። እኔ ለካ በቤቴም እንዲሁ ነበርሁ፤ ልጁ ቃል ሊጀምር ሲል ቀድሜ እስብበታለሁ።

በዚህ መካከል ከአንድ መረብ ውስጥ ቆሮሶ ሲያወጡ ከአፏ ደቃቅ ጫጩቶች ፈሰሱ። ልጄ ደንግጦ፥ «ጋሼ፥ ምን ሆና ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እናት ናት፥ ልጄ። ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿም ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ። በዚያን ሰሞን እምብዛም ምግብ አትቀምስም።»

«ታዲያ ለምን ትያዛለች?»

አዛውንቱ ጥቂት ዝም አሉ። «መረብ አይመርጥም፤ መንጠቆ የያዘ ሰው ግን ሊመርጥ ይችላል። ዓይኑ የጠበበ መረብ የበዛበት ሐይቅ ደግሞ ገና ያልወለደውን ዓሣ ያጣል፤ ያልወለደውን ዛሬ ከጨረስን ነገ ምን እናወጣለን?»

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን የልጄ ቡሽ ሰመጠ። አልቸኰለም፤ እንደ ተነገረው በእጁ አንጓ አነሣው። ከመዳፌ ርዝመት የማይበልጥ ቆሮሶ እየተንፈራገጠ ወጣ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ «ለእናትህ እንወስድላታለን» አልሁ።

እርሱ ግን ዓሣውን አይቶ፥ «አባባ፥ ይህ እኮ ገና አልወለደም» አለኝ።

ተከራከርሁት፤ ቀኑን ሙሉ የደከምንበት መሆኑን አስታወስሁት። እርሱም አልተቈጣም፤ አዛውንቱ እንዳሳዩት የዓሣው ልጋግ እንዳይገፈፍ ከጀሪካኑ ውኃ አፍስሶ እጁን አራሰ፥ መንጠቆውን በገባበት መንገድ ወደ ኋላ መልሶ ነቀለው፥ ጐንበስ ብሎም ለቀቀው። ያን ጊዜ ልጄን የማላውቀው ያህል ሆኖ ተሰማኝ፤ አፈርሁም፥ ደስም አለኝ።

ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ዕቃችንን ሰብስበን ለቤት የሚሆነውን ዓሣ ከአዛውንቱ ገዛን። በመንገድ ላይ አንዳች ሳልጠይቀው፥ በአዲሱ ትምህርት ቤት በምሳ ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ እንደሌለ ነገረኝ። ምክር አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ቡሹ ገና ሲንቀጠቀጥ እንዳልስብ ግን ዝም አልሁ። እርሱም ቀጠለ፤ ቀጠለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተመለስን። እናቱ፥ «ምን ያዛችሁ?» ብትለው፥ «አንድ ይዘን አንድ ለቀቅን» አላት።

አንባቢ ሆይ፥ ልጅህን ይዘህ ወደ ውኃ ዳር ለመሄድ ያሰብህ እንደ ሆነ ውድ መሣሪያ አትፈልግ። ቀርከሃና ክር፥ አንድ ሙሉ ቀንም ይበቃሃል።