በቅሎ የረገጠችው ድንጋይ

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በልጅነቴ መንገድ ማለት ዘንባባ የተተከለበት፣ ከሐይቁ ዳር እስከ ገበያው ድረስ የተዘረጋ ሜዳ ነበር። ተራራን በእግሬ ያወቅሁት በ1999 ዓ.ም. መስቀልን አክስቴ ዘንድ ለመዋል ደባርቅ የሄድኩ ጊዜ ነው። የአክስቴ ባል በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውት ነበሩ። የበዓሉ ማግስት በፓርኩ ውስጥ ወዳለችው የግጭ መንደር ለሥራ ሲወጡ፣ «ልጅቷም ትከተለኝ፤ አገሯን ትየው» አሉ።

እስከ ሳንቃ በር በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን ሄድን። ከደባርቅ ወጣ እንዳልን የገብሱ ማሳ ዳር ዳሩ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ሳንቃ በር ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ያልፋል፤ ከመኪናው ስወርድ ትንፋሼ አጠረኝ። ጋሼ አሮጌ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በኮንጎ ጫማ ፊት ፊት መንገድ ጀመሩ።

ዝናቡ ቢያባራም ክረምቱ ከመሬቱ ገና አልወጣም ነበር። ከአስታው ቅርንጫፍ የተንዘረፈፈው የዛፍ ሽበት ውሃ ያንጠባጥባል። ድንጋዩ አረንጓዴ ለብሶ ያሟልጫል። ጦስኙን በረገጥኩት ቁጥር ሽታው እስከ አፍንጫዬ ይመጣል፤ ዛሬም ጦስኝ የተቀቀለበት ሻይ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የሚታወሰኝ ያ ዳገት ነው።

ብዙም ሳልሄድ አንሸራተተኝና በጉልበቴ ወደቅሁ። ጋሼ ተመልሰው አነሱኝና በበትራቸው ወደ መሬት አመለከቱኝ። በመንገዱ መሐል ለመሐል፣ በድንጋዮቹ ላይ፣ መዳፍ የሚያክሉ ጎድጓዳዎች ነበሩ። የማታ ዝናብ ሞልቷቸዋል።

«እነዚህን ተከተዪ ልጄ። በቅሎ የረገጠችው ድንጋይ አይከዳም።»

የምሄድበት መንገድ የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኔ ተራራ የምወጣ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የግጭ ሰዎች ገብሳቸውን በበቅሎና በአህያ ጭነው ወደ ደባርቅ ገበያ በሚወርዱበት መንገድ ላይ ነኝ። ድንጋዩን እንዲህ ያለሰለሰው የስንት አባትና የስንት አያት እግር እንደሆነ እንጃ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከጎድጓዶቹ ሳልነቅል ተራመድኩ፤ አልወደቅሁም።

ሸንተረሩ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ያገኘናቸው ጉሙ ሳይነሣ ነው። ገደል ላይ አድረው፣ ጠዋት ሣር ለመጋጥ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ጋሼ «ቁጭ በይ፣ ዝም በይ» ብለውኝ ተቀመጥን፤ እየጋጡ እየጋጡ መጥተው ከበቡን። ከሁሉ በፊት የማረከኝ ድምፁ ነበር። ሁለት መቶ ያህል ይሆናሉ፣ ሁሉም በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ፤ ቀጭን ዝናብ ቅጠል ላይ ሲወርድ ይመስላል። አንዲት እናት ከጫማዬ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀመጠች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ሣሩን አንድ በአንድ ትለቅማለች፣ እፍኟ ሲሞላ ወደ አፏ ትሰዳለች። ደረቷ ላይ ያለው ቀይ ራቁት ቆዳ ሲተነፍስ አያለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሣሯ ተመለሰች።

የጅንባር ፏፏቴ ከእይታ ቀድሞ ጆሮ ነው የሚያገኘው። ወደ ግማሽ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ይወረወራል፤ በመስከረም ሙሉ ስለሆነ ታቹ ሳይደርስ ጭስ ይሆናል። ገደሉ ደረጃ በደረጃ የተነባበረ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ንብርብር መሆኑን፣ ያንንም ዝናብና ወንዝ እንደፈለፈሉት የተማርኩት በኋላ ነው። ያን ቀን ግን የጋሼን ጋቢ ጫፍ ጨብጬ ዝም ብዬ አየሁ።

ወንዙን ከፏፏቴው በላይ ጫማዬን አውልቄ ተሻገርኩት። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ጨርሰን ግጭ ስንደርስ፣ የመንደሩ ሴቶች ጋሼን በስማቸው ጠርተው ተቀበሏቸው። አንዲት እናት እግሬን ሲያዩ፣ «ውይ ልጄ፣ ቀዝቅዘሻል፤ ወደ እሳቱ ቅረቢ» ብለው ገና ከምጣዱ የወጣ የገብስ ቂጣ ሰጡኝ። ቡናው ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ጉሙ በደጅ አለፈ።

ወደዚያ መንገድ የተመለስኩት በ2011 ዓ.ም.፣ እንደገና በመስከረም ነው። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ፓርኩም ከ20 ዓመት በላይ ከቆየበት በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ በ2009 ዓ.ም. ወጥቷል። እህል የነበረበትን መሬት ጓሳ ሞልቶት አየሁ፤ ለዋልያው ደስ አለኝ። ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ቂጣ የበላሁበት ቤት መሠረቱ ብቻ ቀርቶ ሳይ ግን እንባዬ መጣ። ሁለቱንም ይዤ ነው የወረድኩት፤ አንዱን ለአንዱ ስል አልተውኩም።

ማታ ደባርቅ ስገባ ጋሼ በረንዳው ላይ ፀሐይ የተወችውን ሙቀት ሲሞቁ አገኘኋቸው። ጡረታ ወጥተዋል፣ ጉልበታቸውም ዳገት አይችልም። ስለ ጭላዳው፣ ስለ ፏፏቴው ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«ጎድጓዶቹ አሉ?» አሉኝ።

«አሉ፣ ጋሼ። ውሃ ይዘዋል።»

«እሰይ» አሉና ጋቢያቸውን ሳብ አደረጉ።