ባሕር ባይኖረንም ሐይቅ አለን፦ ልጆችን በአቅማችን ውኃ ዳር ለመውሰድ



የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ወላጆች የሚጠይቁኝ ነገር ይለወጣል። የልጁን ጉሮሮ አይቼ መድኃኒቱን ጽፌ ስጨርስ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ይሉና "ዶክተር፣ ልጆቹን አንዴ ውኃ ዳር ልናዝናናቸው አስበን ነበር። የት ይሻላል? አይታመሙብንም?" ይላሉ። ነገሩን እንደ ዋዛ ጣል ያደርጉታል እንጂ ዋዛ አይደለም። ከኋላው ዓመቱን ሙሉ ከደመወዝ እየተቆነጠረ የተቀመጠ ገንዘብ አለ።

እኔም የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ጥያቄው ቤቴም አለ። በሆሳዕናም በዱራሜም ብዙዎቻችን ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ወንድም ወይም አጎት አለን። እሱ ሰማያዊ ባሕር ከኋላው አድርጎ የተነሳውን ፎቶ ይልካል፣ ልጆቻችን ስልኩን እየተቀባበሉ ያዩና "እኛስ መቼ ነው?" ይላሉ። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር ዳርቻ የላትም። ጂቡቲ ወይም ሞምባሳ ለመሄድ ፓስፖርት፣ ትራንስፖርትና የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ለአምስት ቤተሰብ ሲባዛ የብዙዎቻችን አቅም አይደለም። ስምጥ ሸለቆ ግን ደጃችን ነው። ከሆሳዕና በሐላባ ቁሊቶ በኩል ሻሸመኔ ስትደርሱ ወደ ቀኝ ሐዋሳ፣ ወደ ግራ ላንጋኖ አለ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ጉንፋን ሳይሆን ስለ ሽርሽር እንነጋገር። ለኔ ርካሽ ሽርሽር ማለት ሄዳችሁ ስትመለሱ የሕክምና ወጪ የማያስከትል ነው።

ሁሉም ሐይቅ አይዋኝበትም

ሐይቆቻችን ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፣ ለልጅ ግን አንድ አይደሉም። ዋናው ልዩነት ቢልሃርዚያ ነው። ይህ በሽታ የሚመጣው በጨው አልባ ውኃ ውስጥ ከሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጡት እጮች በዓይን አይታዩም። ቆዳን በደቂቃዎች ውስጥ በስተው ይገባሉ። ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ እግርን መንከር ይበቃል።

ሐዋሳ ሐይቅ፦ የቢልሃርዚያ ትል በአካባቢው ነዋሪዎች ላይ በጥናት የተገኘበት ሐይቅ ነው። እዩት፣ ዳር ዳሩን ተንሸራሸሩበት፣ ላይፍ ጃኬት አልብሳችሁ በጀልባ ውሰዷቸው፤ ግን ልጆቻችሁን አታስዋኙበት። ጉማሬም አለበት።

ዝዋይ (ባቱ)፦ ወፍና ዓሣ ለማየት ደስ ይላል። ቢልሃርዚያ ስላለበት ለመዋኘት አይሆንም።

ጫሞ እና አባያ፦ የአዞ አገር ናቸው። አርባ ምንጭ ሄዳችሁ ከጀልባ ላይ አዞ ማየት ለልጅ የማይረሳ ነገር ነው፣ ዳርቻው ላይ መጫወት ግን አይታሰብም።

ላንጋኖ፦ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ የሚታወቅና ሰው እንደ ባሕር ዳርቻ የሚዋኝበት ሐይቅ ነው። ውኃው ቡናማ ነው፣ ቀለሙ ከተንሳፋፊ ደለል የመጣ ስለሆነ ቆሻሻ መስሎ አያስደንግጣችሁ። ነፃ የሚባለው ግን ሐይቁ ነው። ወደ እሱ ለሚገቡ ጅረቶችና በአካባቢው ላሉ የመስኖ ቦዮች ይህ ዋስትና አይሠራም።

ላንጋኖ ላይ ያየሁት

ከዓመታት በፊት ከዘመድ ጋር ተሰባስበን ላንጋኖ ወርደን ነበር። አጠገባችን ሌላ ቤተሰብ አለ፣ ትልልቆቹ ውኃው ዳር ቆመው ይጫወታሉ። ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወገቡ ድረስ ገብቶ ነበር፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሲሄድ ወለሉ ከዳው። አልጮኸም። እጁን አላወዛወዘም። ብቻ ከላይ የነበረው ጭንቅላት ጠፋ። ውኃው እንደ ሻይ በወተት ስለሆነ ከሥር ምንም አይታይም። ያዳነችው ታላቅ እህቱ ናት፤ በእጇ ስትዳብስ ሸሚዙን አግኝታ ሳበችው። ሳለ፣ አስመለሰው፣ ከዚያ አለቀሰ። እኔ ሮጬ ስደርስ እየተነፈሰ ነበር። ሳሉ ስላልቆመ ወደ ጤና ተቋም ወስደውት ደኅና ሆነ።

ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ላንጋኖን ስንመርጥ "ቢልሃርዚያ የለውም" ብለን ልባችን ያርፋል። ከበሽታ የሚያሳርፈን ያው ውኃ ግን ልጅን ከዓይን ይሰውራል። በጠራ መዋኛ ገንዳ ወለል ላይ ያለ ልጅ ይታያል፣ ላንጋኖ ላይ አይታይም። ቢልሃርዚያ መድኃኒት አለው፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል። መስጠም ግን የሚሰጠን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ተስማምተናል፦

1. ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁልጊዜ እጃችን በሚደርስበት ርቀት ይሆናል። "እያየሁት ነው" አይበቃም።

2. ጠባቂው በስም ይታወቃል። "ሁላችንም አለን" ሲባል ማንም የለም ማለት ነው። በየሃያ ደቂቃው ተራ እንቀያየራለን። ተራው የደረሰ ሰው ስልክ አይነካም፣ ቢራ አይጠጣም።

3. ከመግባታቸው በፊት አንድ ትልቅ ሰው ወለሉን በእግሩ ይፈትሻል፤ ልጆቹ የሚያልፉትና የማያልፉት ምልክት ይደረጋል።

4. የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክና በአየር የሚነፋ መጫወቻ ጠባቂ አይደለም። ነፋስ ወደ መሀል ይወስደዋል። በልኩ የተሠራ ላይፍ ጃኬት ካልተገኘ ጀልባ ላይ አንወጣም።

ልጅ ከውኃ ቢወጣና ባይተነፍስ ቁልቁል አትዝቀዝቁት፣ ሆዱንም አትጫኑ። በጀርባው አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጉ፤ አፉን በአፋችሁ ገጥማችሁ አፍንጫውን ይዛችሁ አምስት ጊዜ እፍ በሉበት። ካልነቃ የደረቱን መሀል 30 ጊዜ በፍጥነት ተጫኑ፣ ሁለት ጊዜ እፍ በሉ፣ እስኪተነፍስ ወይም እርዳታ እስኪደርስ ቀጥሉ። ቢነቃም በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ብሩን የት እናውጣ?

ሐዋሳና ላንጋኖ በወጪ ተቃራኒ ናቸው። ሐዋሳ ከተማ ነው፤ ፔንሲዮኑም ምግብ ቤቱም በየደረጃው አለ፣ በባጃጅ ትዞራላችሁ፣ ጤና ተቋምና ፋርማሲ ቅርብ ነው። ላንጋኖ ግን አብዛኛው ሎጅና ሪዞርት ነው። ከዋናው መንገድ ወርዳችሁ ትንሽ መግባት አለ፣ ምግቡንም እዚያው ካለው ሜኑ ላይ ነው የምትገዙት።

እኛን የጠቀመን ዘዴ ሁለቱን ማዋሐድ ነው። ማደሪያውን ሐዋሳ እናደርጋለን፤ አንድ ቀን ብቻ ጠዋት ተነስተን ላንጋኖ ውለን እንመለሳለን። ብዙ ቦታ የቀን መግቢያ ከፍሎ መዋል ይቻላል፤ ስንት እንደሆነና ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ያን አንድ ቀን እንኳ ካልቻላችሁ ሐዋሳ ላይ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ለሁለት ሰዓት ከፍላችሁ አስገቧቸው። ክሎሪን በአግባቡ የሚጨመርበት ገንዳ ቢልሃርዚያ የለበትም። የገንዳው ወለል ካልታያችሁ ግን አታስገቧቸው። ቀሪውን ጊዜ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ መንሸራሸር፣ ታቦር ተራራ መውጣትና አሞራ ገደል ዓሣ ሲወጣ ማየት ይሞላዋል።

ስለ ቀኑም ላንሳ። ቅዳሜና እሁድ የአዲስ አበባ ሰው ላንጋኖን ይሞላዋል፣ በሥራ ቀን ግን ይቀላል። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሐዋሳ የገብርኤልን ንግሥ ለማክበር በሚመጣ ሰው ስለምትጨናነቅ ማደሪያ ይወደዳል። ጥር መጨረሻና የካቲት ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ የወባ ትንኝም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ካለው ጊዜ ይቀንሳል። ለኪስም ለጤናም የምመርጠው ይህንን ወቅት ነው።

ቁጠባ ለእኛ አዲስ አይደለም። ለያሆዴና ለመሳላ ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቅማሉ። ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ሆናችሁ በዚያው ልማድ ብታጠራቅሙ ሚኒባሱን አብራችሁ ትኮናተሩና ለየብቻ የሚከብደው ወጪ ይከፋፈላል። ልጆችም ብዙ ሲሆኑ ይበልጥ ይደሰታሉ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ከቤት ያዙ፤ የመንገድ ላይ ምግብንም የሆድ ቁርጠትንም ይቀንሳሉ።

ከቤት ስትወጡ

ሆሳዕና ደጋ ናት፤ ሐይቆቹ ግን ቆላማ ቦታ ላይ ናቸው። ወባ ያልለመደው የደጋ ልጅ ሲታመም ይጠናበታል። አጎበር ያዙ፣ ሲመሽ ረጅም እጅጌ አልብሱ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ኦአርኤስ አትርሱ፤ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው። ቴርሞሜትር፣ በልጁ ክብደት የተለካ ፓራሲታሞልና የአስም መድኃኒት ያለውም መድኃኒቱን ይያዝ። የጤና መድን መታወቂያችሁ ከምትታከሙበት ተቋም ውጭ ላያገለግል ስለሚችል ለሕክምና የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡ።

ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት ፀሐዩ ስለሚከር ልጆቹን ጥላ ሥር አቆዩ። ዓሣው በደንብ ይብሰል፤ ለልጅ ጥሬ ዓሣ አይሰጥም። ዝንጀሮና ጦጣ በእጃቸው አያብሉ፤ ከነከሳቸው ወይም ከቧጨራቸው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ስለሚወጣ ከመሸ በኋላ ዳርቻ ላይ አትንሸራሸሩ።

ስለ ጥርስም ብዙ እጠየቃለሁ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስላለው ጥርስ የሚያበልዘው ለዓመታት ለሚጠጣው ልጅ ነው። የሦስት ቀን ሽርሽር ጥርስ አያበልዝም።

ከተመለሳችሁ በኋላ

ልጃችሁ ከሳምንት በኋላ ትኩሳት ቢይዘው "ድካም ነው" ብላችሁ አትተዉት። በዚያው ቀን አስመርምሩና "ሐይቅ አካባቢ አድረን ነበር" በሉ። ደጋ ላይ የተቀመጠ ሐኪም ይህን ካልሰማ ወባን ቶሎ ላያስብ ይችላል። አንዱ የወባ ዓይነት ከወራት በኋላም ሊነሳ ስለሚችል ጉዞው ቢርቅም ተናገሩ። ልጁ ቢልሃርዚያ ያለበት ውኃ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ የሰገራ ምርመራ አሠሩለት። በማግስቱ ቢመረመር ትሉ ገና እንቁላል ስላልጣለ አይታይም። ሰገራው ውስጥ ደም ካያችሁ ግን ቀኑን አትቁጠሩ፣ ወዲያው ኑ።

አንዲት እናት በቅርቡ "ይህን ሁሉ ገንዘብ ለሦስት ቀን ጨዋታ ማውጣት ኃጢአት አይሆንብኝም ወይ?" ብላኛለች። እኔ አይመስለኝም። ዓመቱን ሙሉ ማታ ብቻ የሚያየው አባቱ ሱሪውን ጠቅልሎ አሸዋ ሲቆፍርለት ልጅ የሚያገኘውን ነገር በሐኪም ማዘዣ ጽፌ ልሰጠው አልችልም። ለዚያ ደግሞ ውድ ሎጅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ውኃውን ማወቅና ተራ ይዞ መጠበቅ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመሄድ ላሰቡ ወላጆች አጋሩ። መልካም የዕረፍት ጊዜ!