ነዋሪ የሌላቸው ከተሞች

የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ1988 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለፋሚኮም ማሽኑ «ፋሚኮም ዎርስ» የተባለ የጦር ስልት ጨዋታ አወጣ። እንደ ሰንጠረዥ በየተራ የሚጫወቱት ነው። ከተማ የያዘ ገቢው ይጨምራል፤ በገቢው እግረኛ፣ ታንክና አውሮፕላን ያሰልፋል፤ የጠላቱን ጠቅላይ ሰፈር የያዘ ያሸንፋል። ከዚሁ ተከታታይ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጃፓን ውጭ የተሸጠው «አድቫንስ ዎርስ» ሲሆን፣ ሰሜን አሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 10 ቀን 2001፣ ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ከመመታታቸው አንድ ቀን በፊት ነበር።

አፍቃሪዎቹ ዛሬም ድረስ የሚወዱት በሒሳቡ ጥራት ነው። እግረኛ ጓድ 1000፣ ታንክ 7000 ያወጣል። ጉዳት ያልደረሰበት እግረኛ አንዲት ከተማን በ2 ቀን ይይዛል፤ ከተማይቱም በየቀኑ 1000 ታስገባለች። የጓዱ ሙሉ አቅም 10 ነው፤ ቢጎዳ በያዘው ከተማ ሲያድር እንደ ታንኩ በገንዘብ ይጠገናል። በእነዚያ ከተሞች ግን ነዋሪ የለም። የሚሰደድ፣ የሚራብ፣ ድንኳን ጥሎ የሚያለቅስ አይታይም። ለጨዋታ ይህ ነውር አይደለም፤ ተጫዋቹ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። ነውሩ እውነተኛ ጦርነት በዚህ ዓይነት ካርታ ሲነበብ ነው።

ኩባንያው ጨዋታውን በአዲስ መልክ እንደሚያወጣ በጁን 2021 አስታወቀ። ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በሁለተኛው ሳምንት፣ ማርች 9 ቀን 2022፣ የዓለምን ወቅታዊ ሁኔታ ጠቅሶ አዘገየው፤ የወጣው በኤፕሪል 2023 ነው። ጨዋነት ነው። ይሁንና ማስታወቂያው በተነገረበት ወር የትግራይ ጦርነት ስምንተኛ ወሩን ይዞ ነበር፤ ያ ጦርነት ማስታወቂያውን አላስቀረውም።

ከባዕድ ኩባንያ ሐዘን መጠበቅ ግን የዋህነት ነው። ይልቅ የሚያሳፍረው የራሳችን የአደባባይ ወግ ነው። በየቴሌቪዥኑና በየፌስቡኩ፣ በሁሉም ወገን፣ ጦርነቱ የተተረከው «ይህ ከተማ ተያዘ፣ ያኛው ተለቀቀ» እየተባለ ነበር፤ በከተማው የነበረው ሰው ከወሬው ወጣ። በኖቬምበር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ከተፈረመ ወዲህም በሟቾቹ ቁጥር ላይ መግባባት የለም። ያ መጫወቻ እንኳ ውጊያው ሲያበቃ ከተሰለፈው ጦር ስንቱ እንዳለቀ ቆጥሮ በዚያው ልክ የአዛዡን ነጥብ ይቀንሳል። የኛዎቹን አዝማቾች ቁጥሩን የሚጠይቃቸው ማን ነው?