ሽለላ በሜክሲኮ አደባባይ

ከልጆችዎ ጋር በቀላል ባቡር መጥተው ሜክሲኮ ሲወርዱ፣ የአደባባዩን ስም ታሪክ ይንገሯቸው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር፣ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አደባባዩ የዚያ ወዳጅነት ማስታወሻ ነው። በሜክሲኮ ሲቲም «ኢትዮጵያ» የሚባል የከተማ ባቡር ጣቢያ አለ።

አርበኛው በዚያ ጦርነት ወኔውን የሚቀሰቅሰው በሽለላ ነበር። ይህን የገጠር ዜማ ወደ ከተማ መድረክ ካመጡት አንዱ የይፋቱ ተወላጅ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። የሸላዩን ድምፅ በሳክስፎን አወጡት። በፖሊስ ኦርኬስትራም ለዓመታት ተጫውተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘ አልበም አሳተሙ፤ ሽለላው የአውሮፓን ወጣት አስጨፈረ።

ጋሽ ጌታቸው ያረፉት በ2008 ዓ.ም. ነው። ሥራቸው ግን በስልክዎ ላይ ይገኛል። የሳክስፎን ሽለላ ግጥም የለውም፤ ግጥሙ ያለው አያቶች ዘንድ ነው። እቤት ሲገቡ ሙዚቃውን ይክፈቱና፣ አያት ካሉ ለልጆቹ እንዲሸልሉላቸው ይጠይቁ። የተቀዳው ዜማ ይቆያል፤ ያልተጠየቀ ግጥም ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።